ከለቅሶ በፊት በር ማንኳኳት

አትላንታ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ አረፈ ሲባል ወሬው ከክላርክስተን እስከ ማሪዬታ፣ ከስቶን ማውንቴን እስከ ቡፎርድ ሀይዌይ ለመዳረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የታክሲ ሹፌሩ ኤርፖርት የያዘውን ተራ ትቶ፣ የሆቴል ሠራተኛዋ ሺፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ ጎረቤቱ ድስትና ረከቦት ተሸክሞ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የሚያስፈልገው ብዙ ሺህ ዶላርም ሳምንት ሳይሞላ ይሟላል። በዚህ ረገድ ሐበሻን የሚያማው የለም፤ ሞትን ማስተናገድ ያውቅበታል።

ለቅሶው መሐል ግን አየር ለመውሰድ በረንዳ ላይ የወጡት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነጋገሩት ሌላ ነገር አለ። "ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም" ይላል አንዱ። "ስልክ ማንሳት ከተወ ቆየ እኮ" ይላል ሌላው። "ሰውነቱ አልቆ ነበር፤ እኔ ስኳር መስሎኝ!" ትላለች አንዷ። እያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ያውቅ ነበር፤ ቁራጮቹን አንድ ላይ ያስቀመጠ ግን አልነበረም። የሞቱ ምክንያት ሲጠየቅም አንዳንድ ጊዜ "ድንገት ነው" ተብሎ ይዘጋል። ድንገት አለመሆኑን በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ይጠረጥራሉ።

ለመሆኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለአስከሬን ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበረሰብ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ሦስት ወር በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ አንድ ሰው መላክ እንዴት ያቅተዋል? ነገሩ ጭካኔ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚያየው ነገር በሽታ መሆኑን ስለማያውቅ ነው።

መሰናክሉ ከቋንቋው ይጀምራል። አማርኛ ተናጋሪ ዝናብ ሲጥልበት ደበረኝ ይላል፤ ፊልሙ ሲረዝምበት ደበረኝ ይላል፤ ጓደኛው ሲቀርበትም ደበረኝ ይላል። እንግዲህ ለወራት ከአልጋው መነሳት ያቃተው ሰው በዚሁ ቃል "ድብርት ይዞኛል" ቢል፣ የሚሰጠው መልስ "ታዲያ ወጣ ብለህ ተናፈስ" የሚል ነው። አገር ቤት ያሉ የአእምሮ ሐኪሞች ሕመሙን ከተራው መደበር ለመለየት "ድባቴ" ይሉታል። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቡና ላይ ገና አልተቀመጠም። ፈረንጆቹ ዲፕሬሽን የሚሉት ይህንኑ ነው።

በዚህም የተነሳ በሽታው ሲመጣ በሌላ ስም ይመጣል። "ራሴን ፍልጥ ያደርገኛል"፣ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ"፣ "ትከሻዬን ይጫነኛል"፣ "ልቤ ድው ድው ይላል"፣ "ብርድ መትቶኝ ነው"። ይህን የሚል ሰው አይዋሽም፤ ድባቴ በእርግጥም አካል ውስጥ ገብቶ ያማል። ሩብ ሰዓት ብቻ የተመደበለት አሜሪካዊ ሐኪም ግን የራስ ምታት ኪኒን ወይም የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኘዋል። ከወር በኋላ ያው ሰው በያው ሕመም ይመለሳል፤ ወይም "እነዚህ ሐኪሞች ምንም አያውቁም" ብሎ ጭራሹን ይተወዋል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? አንድ ጎልማሳ ይታሰብ፤ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ እዚህ መሐል ከተማ ፓርኪንግ የሚሠራ። ሥራው ላይ አንድም ቀን አልቀረም፤ ስለዚህ ጤነኛ ይመስላል። ነገር ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይባንንና እስኪነጋ ጣሪያ ሲያይ ያድራል። ወይም የተገላቢጦሹ ይሆንና በዕረፍት ቀኑ አሥራ አራት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሳል። የገዛው እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል። የፖስታ ሣጥኑ ሞልቶ ደብዳቤ አይከፍትም። ለሃያ ዓመት ያላመለጠው የእግር ኳስ ጨዋታ አሁን ቢታይም ባይታይም ግዴለውም። መልስ ሲሰጥ ይሳሳታል፤ በየቀኑ የሚወጣበትን የ285 መውጫ አልፎት ይሄድና ከተማዋን ይዞራል። እርምጃውም ንግግሩም ይንቀራፈፋል፤ አለዚያም በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። በተለይ ወንዶች ላይ ሐዘኑ ሳይሆን ቁጣውና መጠጡ ነው ቀድሞ የሚታየው። ለእናቱ ገንዘብ እየላከም "ቤተሰቤን አሳፈርኩ፣ የማልረባ ነኝ" ይላል። በመጨረሻም፣ አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ "ምነው ባልነጋ" ይላል።

ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ አልፎ አልፎ ያላጋጠመው ስደተኛ የለም። ሐኪሞች የሚያዩት ሁለት ነገር ነው፤ ብዛቱንና ጊዜውን። ልብ መክበዱ ወይም ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ተደምሮ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ለ2 ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ሊያየው ይገባል። 2 ሳምንት! የሐበሻ ልማድ ግን "ያልፋል" እያሉ ዓመት መቁጠር ነው።

"ናፍቆት ነው" የሚሉም አሉ። ናፍቆትማ የስደት ቀለብ ነው፤ ያለ እርሱ የኖረ የለም። ነገር ግን የናፈቀው ሰው ዶሮ ወጥ ሲቀርብለት ይበላል፤ የአገሩ ልጅ ሲያጫውተው ይስቃል፤ ዘፈን ሲሰማ ያለቅስና ይወጣለታል። ድባቴ የያዘው ሰው ዶሮ ወጡም አይጥመው፣ ጨዋታውም አያስቀው፣ እንባውም እንቢ ይለው ይሆናል። ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ ሐዘን ሳይሆን ስለ ባዶነት ነው።

ሕመሙ በስደት ላይ ለምን እንደሚበረታ የተጠና ነገር አለ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2004 የታተመ የቶሮንቶ ጥናት እዚያ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል 9.8 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በድባቴ መያዛቸውን አሳይቷል። ይህ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገመተው ቁጥር ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከአገር ከመውጣት በፊት የደረሰ መከራ፣ በስደተኞች ካምፕ ማሳለፍ፣ እዚያ ከደረሱም በኋላ የሚገጥም ችግር፣ እያንዳንዱ የራሱን ጨምሯል። የዚያው የጥናት ቡድን በ2006 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ውስጥ የሐኪም እርዳታ ያገኙት 12.5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ካናዳ ሕክምና ለነዋሪው በመንግሥት ወጪ የሚሰጥበት አገር ነው። ችግሩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አትላንታ የራሷን ትጨምራለች። ያለ መኪና የማይኖርባት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማይተያይባት ከተማ ናት። ብዙ ወገን ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ይተኛል፤ ፀሐይ አያይም። ባል በቀን ሺፍት፣ ሚስት በሌሊት ሺፍት ሆነው የሚገናኙት የመኪና ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው። በዚህ ላይ የአገር ቤቱ ጉዳይ አለ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በሰሜን ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት፣ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ሁሉ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ወራት ፓርኪንግ ትኬት ሲቆርጥ የከረመ ሰው በዚህች ከተማ ጥቂት አይደለም። የሚያወራበት ቦታም ጠበበው። ቡና ቤቱም፣ ማኅበሩም፣ አንዳንድ ቦታ ቤተ ክርስቲያኑም በወገን ተከፍሏልና፣ ሐዘኑን ለመናገር መጀመሪያ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ ማጣራት ነበረበት።

ስለ ሁለት ዓይነት ሰዎች ግን ለብቻ መነገር አለበት፤ ድምፃቸው ስለማይሰማ ነው። አንደኛዋ አራስ ናት። አገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይፈራረቁባታል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ገላዋን የሚያጥባት አለ፣ ልጁን የሚይዝላት አለ። ክላርክስተን ያለችው አራስ በሁለተኛው ቀን ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ባሏ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይገባል፤ እናቷ ቪዛ ተከልክላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ የተለመደ ነው። ከ2 ሳምንት በኋላም ማልቀሱ ካልተወ፣ ልጇ ሲተኛም እንቅልፍ ካልወሰዳት፣ "ለዚህ ልጅ እናት መሆን አልችልም" ማለት ካበዛች፣ ይህ የወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ለአዋላጅ ሐኪሟ ወይም ለሕፃኑ ሐኪም ወዲያው ይነገር። የሌለ ነገር ታያለች ወይም ትሰማለች፣ ሕፃኑን ስለመጉዳት ታወራለች የሚባል ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኞቹ የልጅ ልጅ እንዲጠብቁ የመጡት አዛውንት ናቸው። እማማ አዲስ አበባ ሳሉ ማኅበር ነበራቸው፣ ዕድር ነበራቸው፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ሰላምታ የሚሰጣቸው መንገድ ሙሉ ሰው ነበር። እዚህ ልጃቸው በ12 ሰዓት ማለዳ ይወጣል፤ እርሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር ይውላሉ። መንዳት አይችሉም፤ ማርታ አውቶቡስ የት እንደሚቆም አያውቁም። መብላት ሲያቆሙና ነገር ሲረሱ ልጆቻቸው "እርጅና ነው" ይላሉ። እርጅና ሊሆን ይችላል። ድባቴም ሊሆን ይችላል፤ ድባቴ ደግሞ ይታከማል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ ሰው ለምን አይታከምም ቢባል፣ ከመልሶቹ ዋነኛው አማኑኤል ነው። መርካቶ አካባቢ ያለው ይህ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ቤት ሆኖ ኖረ። ስሙም ስድብ ሆነ፤ "አማኑኤል ይወሰድ" ማለት እብድ ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው ገና በ2003 ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሰደደ ሰው በአእምሮው የያዘው የሕክምና ሥዕል ሰንሰለትና የግቢ አጥር ቢሆን አይፈረድበትም። ነገር ግን ድባቴ እብደት አይደለም። ከሚታከሙት አብዛኞቹ የሆስፒታል አልጋ አያዩም፤ ተራ ክሊኒክ ገብተው ተነጋግረው፣ ምናልባት ኪኒን ታዝዞላቸው፣ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ፈረንጁም ቢሆን በዚህ ከማፈር ነፃ ሆኖ አያውቅም። ጂሚ ካርተር ለጆርጂያ ገዥነት ሲወዳደሩ ባለቤታቸው ሮዛሊን ካርተር ንጋት ላይ አትላንታ አንድ የጥጥ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው ሳለ ከሌሊት ሥራ የወጣች ሴት አገኙ። አሁን ሄደሽ ታርፊያለሽ ወይ ቢሏት፣ ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ ልጅ እንዳላት፣ ቀን እርሷን እያስታመመች ሌሊት እንደምትሠራ ነገረቻቸው። ያ ነገር ከአእምሯቸው አልወጣም፤ በ2023 እስኪያርፉ ድረስ ስለዚሁ ጉዳይ ሠሩ። በ1991 ካርተር ሴንተር ውስጥ የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። ያንን ሕንፃ ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱት በሌላ ነው፤ ደርግና ሻዕቢያ በሴፕቴምበር 1989 ለድርድር የተቀመጡበት ነው። የሌሊት ሠራተኛዋ ታሪክ ግን ከድርድሩ ይልቅ ለዛሬው አትላንታ ሐበሻ ይቀርባል።

"ጸበል እያለ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። የሚከለክል ሐኪም የለም። ክፋቱ ኪኒኑን ጥለህ ና የሚል ሰው ሲገኝ ነው። በኤድስ ዘመን ይህ ክርክር እንጦጦ ላይ ተነስቶ ነበር፤ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ተናግረው ሰዎች ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ መከሩ። ለኤድስ የሠራ ምክር ለድባቴ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ጫት ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ዱካክ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ድባቴ ላይ ሲደረብ ሰውን ገደል አፋፍ ያደርሳል። በዚያ ላይ ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው መደበኛው ሐኪም ነው። "ራሴን ያመኛል" ብቻ ብሎ ማቆም አይበቃም፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ የልብ መክበዱን አንድ ላይ መናገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ የታይሮይድ ወይም የደም ማነስ ችግር እንዳይሆን ደም ይመረምራል፤ እነዚህም ሰውን እንዲሁ ያደርጋሉና። ቀጥሎ 9 ጥያቄዎች ያሉት አንድ ወረቀት ይሰጣል። ይህ ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 ታትሟል፤ ስለዚህ "የአማርኛው ይሰጠኝ" ማለት ይቻላል። ከ27 ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ከሐኪሙ ጋር በደንብ መነጋገር አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው፤ በእውነት ይመለስ።

አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። የ12 ዓመት ልጅን "ለሐኪሙ ንገርልኝ" ማለት ግን በደል ነው፤ ልጁ የአባቱን ሞት መመኘት ተርጓሚ ሊሆን አይገባውም። አስተርጓሚው የሠፈር ሰው ሆኖ ወሬ እንዳያወጣ የሚፈራም በስልክ ይሁንልኝ ይበል፤ በስልኩ ጫፍ ያለው ሰው ሌላ ስቴት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከሰጪው ፈቃድ ውጭ ለአሠሪም ለማኅበርም እንዳይናገር ሕግ ይከለክለዋል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው እንደ ገቢው የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች አሉለት፤ ክላርክስተንም ውስጥ ይገኛሉ።

ኪኒን ከታዘዘ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ጥቅሙ ለመሰማት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ የማቅለሽለሹ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን "ባሰብኝ እንጂ ምን ጠቀመኝ" ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ማቆም ቢፈለግ እንኳ ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ ነው። ለጓደኛ ማካፈልማ ፈጽሞ አይገባም።

የማይዘገይበት ሰዓት ደግሞ አለ። አንድ ሰው ስለ መሞት በግልጽ ካወራ፣ ዕዳውን ከፋፍሎ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ ወይም ከረጅም ጭንቀት በኋላ ድንገት ተረጋግቶ እንደ መሰናበት የሚመስል ስልክ ከደወለ፣ በቀጥታ ይጠየቅ፦ "ራስህን ልትጎዳ ታስባለህ ወይ?" ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አይተው። ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 ብሎ መደወል ይቻላል፤ "አማርኛ" ቢባል በስልክ አስተርጓሚ ያስገባሉ። የጆርጂያ ስቴት የራሱ መስመር 1-800-715-4225 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ባለሙያዎችን ቤት ድረስ መላክም ይችላል። ግሬዲን ጨምሮ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች መክፈል አይችልም ብለው ሳይመረምሩ እንዳይመልሱ ከ1986 ጀምሮ ሕግ አለ። አደጋው ዓይን ላይ ከሆነ 911 ነው፤ ሲደወልም ሰውየው ታማሚ እንጂ ወንጀለኛ አለመሆኑ፣ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ከሆነም ይኸው፣ አስቀድሞ ይነገር።

አሁን ወደ ማኅበሩ እንመለስ ቢባል፣ የአትላንታ ዕድሮችና ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ስለ ሞት በቂ አንቀጽ አለው፤ ማን ስንት ያዋጣል፣ ማን ይደውላል፣ ማን ምግብ ያቀርባል። አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ሁለት ስብሰባ በተከታታይ ሳይነገር የቀረ አባል በሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ይጠየቅ። ወጪው የቤንዚን ነው። የሚሄዱት ወሬ የማያወጡ ይሁኑ፤ ከወንዱ ጋር ሴት ወይም ሽማግሌ ብትጨመር አይከፋም። ፖለቲካ አይነሳ፤ ለምን መዋጮ አልከፈልክም አይባል። "ጠንከር በል፣ አንተ እኮ ወንድ ነህ" ማለትም መድኃኒት አይደለም። ቡናውን አፍልቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይሻላል፤ ከዚያ "እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ? ምግብስ?" ብሎ መጠየቅ። ቀጠሮ ካለው በመኪና መውሰድ።

በመጀመሪያው ቀን በሩን ላይከፍት ይችላል። በሩ ሥር ወረቀት ትተው በሚቀጥለው እሑድ ይመለሱ።